ጋይ የት ገባ? ፋይናል ፋይት ከሳንቲም ማሽን ወደ ሳሎን ያደረገው ጉዞ

ዲሴምበር 21 ቀን 1990 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጃፓን ውስጥ ሱፐር ኒንቴንዶ ለተባለው የቤት ጌም ማሽን የተሠራው የፋይናል ፋይት ካርትሪጅ (ጌሙን የያዘ፣ ማሽኑ ላይ የሚሰካ ሳጥን) ለሽያጭ ቀረበ። ጌሙን አንድ ዓመት ሙሉ በሳንቲም ማሽን ሲጫወቱት የነበሩ ልጆች ቤት ወስደው ሲከፍቱት የተጫዋች መምረጫው ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ኮዲ አለ። ሃጋር አለ። ቀይ የለበሰው ፈጣኑ ጋይ ግን የለም። ጓደኛ ጠርቶ አብሮ መጫወትም የለም። ከስድስቱ ሰፈሮች አንዱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል።

ለምን? ይህ ጥያቄ ሰነፍ ፕሮግራመሮችን ወይም ስግብግብ ኩባንያን በመውቀስ ብቻ አይመለስም። መልሱ ሁለት ማሽኖች ምስልን እንዴት እንደሚይዙ ማወቅ ይጠይቃል። ነገሩ ደግሞ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ጌሙን ለማያውቅ ሰው ላስተዋውቀው። ፋይናል ፋይትን ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1989 መጨረሻ አወጣው። ቦታው ሜትሮ ሲቲ የሚባል፣ ዱርዬ የገዛው ከተማ ነው። የከተማው ከንቲባ ማይክ ሃጋር ድሮ የሬስሊንግ ተጋጣሚ ነበር። ማድ ጊር የተባለው ቡድን ሴት ልጁን ጄሲካን ያግታል። ከንቲባው ሸሚዙን አውልቆ፣ ከልጁ ፍቅረኛ ከኮዲና ከኮዲ ጓደኛ ከጋይ ጋር ሆኖ መንገድ ለመንገድ እየተደባደበ ይሄዳል። ታሪኩ ይኸው ነው። ጌሙ መጀመሪያ የስትሪት ፋይተር ተከታይ ተብሎ ስትሪት ፋይተር 89 የሚል ስም ነበረው። አንድ ለአንድ ከሚጋጠሙበት ከመጀመሪያው ጌም ጋር ስላልተመሳሰለ ስሙ ተቀየረ። ከሠሪዎቹ መካከል አኪራ ኒሺታኒና አኪራ ያሱዳ ነበሩ። በ1991 ዓለምን ያናወጠውን ስትሪት ፋይተር ቱን የሠሩትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ጌሙን ልዩ ያደረገው ግዝፈቱ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ትልልቅ ናቸው፤ የስክሪኑን ቁመት ግማሽ ገደማ ይይዛሉ። አንዶሬ የሚባለው ግዙፍ ሰውዬማ ሲመጣ መንገዱ የሚጠብ ይመስላል። ዱርዬዎቹ ደግሞ አንድ በአንድ ወረፋ ይዘው አይመጡም። ስድስት ሰባት ሆነው ከግራም ከቀኝም ይከቧችኋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው መከበቡ ላይ ነው። የፋይናል ፋይት ጥበብ ቡጢ አይደለም። አንዱን አንገቱን ይዛችሁ በሌሎቹ ላይ መወርወር ነው። አንድ ሰው ስትወረውሩ አራት ሰው ይወድቃል፤ የምትተነፍሱት ያኔ ነው። ጥሩ ተጫዋች ዱርዬዎቹን እንደ እረኛ አንድ ጥግ ላይ ይሰበስባቸውና ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ የጠላት ቁጥር ለጌሙ ጌጥ አይደለም፤ ጌሙ ራሱ ነው።

አሁን ወደ ማሽኖቹ እንሂድ።

አንድን ጌም ለሌላ ማሽን እንዲሆን አድርጎ መሥራት ፖርት ማድረግ ይባላል። ሲሉት ፋይል ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እንደመገልበጥ ይመስላል። አይደለም። የዚያን ዘመን ማሽኖች እያንዳንዳቸው የተለየ ፕሮሰሰር፣ የተለየ የሥዕል ቺፕና የተለየ የድምፅ ቺፕ ነበራቸው። ለአንዱ የተጻፈው ፕሮግራም ለሌላው ትርጉም የለውም። ብዙ ጊዜ ፖርት ማለት ዋናውን እያዩ ከባዶ መሥራት ነው።

ፋይናል ፋይት የተሠራው ሲፒኤስ ለተባለው የካፕኮም የራሱ ሰሌዳ ነው። በውስጡ በ10 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር አለ። ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ጃፓኖች ሱፐር ፋሚኮም የሚሉት፣ ፕሮሰሰሩ ቢበዛ 3.58 ሜጋኸርዝ ነው። ሁለቱ የተለያየ ዘር ስለሆኑ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ይህ ሦስት እጥፍ ይበልጣል ማለት ልክ አይሆንም። ግን የሳንቲም ማሽኑ ጉልበት እንደሚበልጥ ግልጽ ነው። ከጉልበቱ በላይ ግን ትልቁ ልዩነት ሥዕሉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ሁለት ባለሱቆችን አስቡ። የመጀመሪያው ዕቃው ሁሉ ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ነው። ደንበኛ ስኳር ሲል እጁን ዘርግቶ ያነሳል፤ ሳሙና ሲል እንደዚያው። ሁለተኛው ዕቃው ያለው ጓሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ፊቱ ያለችው አንድ ጠባብ ጠረጴዛ ብቻ ናት። የሚሸጠውን ሁሉ መጀመሪያ ከጓሮ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ማድረግ አለበት። የሚብሰው ደግሞ ወደ ጓሮ መሮጥ የሚችለው ደንበኛው ዓይኑን በሚያርገበግብባት ቅጽበት ብቻ ነው።

የሳንቲም ማሽኑ የመጀመሪያው ባለሱቅ ነው። የሥዕል ቺፑ የሚፈልገውን ምስል በቀጥታ ከሮም፣ ማለትም ጌሙ ከተጻፈበት የሜሞሪ ቺፕ ያነባል። ኮዲ ቡጢ ሲሰነዝር፣ ሲዘል፣ ሲወድቅ፣ እያንዳንዱ ሥዕል በእጁ ዳር ነው። የፋይናል ፋይት ሥዕል ብቻውን 2 ሜጋባይት ነው፤ ሁሉም በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ነው።

ሱፐር ኒንቴንዶ ሁለተኛው ባለሱቅ ነው። ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሱ ነገሮች ስፕራይት ይባላሉ። ለስፕራይት ሥዕሎች በአንድ ጊዜ ያለው ጠረጴዛ 16 ኪሎባይት ብቻ ነው። አዲስ ሥዕል ከካርትሪጁ የሚገለበጠው ደግሞ ቴሌቪዥኑ አንዱን ምስል ስሎ ጨርሶ ሌላውን እስኪጀምር ባለችው ክፍተት ነው። ይህ በሰከንድ 60 ጊዜ ይሆናል። በእያንዳንዷ ክፍተት 6 ኪሎባይት ገደማ ቢያልፍ ነው።

አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራው፤ እኔ ስሠራው በጣም ነው የገረመኝ። አንድ ተደባዳቢ 64 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ስፋትና 96 ፒክስል ቁመት ይይዛል እንበል። በሱፐር ኒንቴንዶ አሠራር የዚያ ሰው አንድ ሥዕል 3 ኪሎባይት ይወስዳል። 16 ኪሎባይት ውስጥ ስንት ሰው ገባ? አምስት። ለቢላዋው፣ ለብረት ዘንጉ፣ በርሜል ሲሰበር ለሚወጣው ምግብ ቦታ ካስቀራችሁ አራት። በሌላ በኩል ማሽኑ በአንድ አግድም መስመር ላይ ማሳየት የሚችለው የስፕራይት ስፋት 272 ፒክስል ነው። ሰዎቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ 272 ለ64 ሲካፈል ከአራት ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ በላይ ሲሆን ከሰው አካል ላይ ቁራጭ ይጠፋል።

በሁለቱም መንገድ አራት ሰው ነው የምናገኘው። አንዱ እናንተ ናችሁ። ሦስት ጠላት ቀረ።

የሱፐር ኒንቴንዶው ፋይናል ፋይት በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ጠላት ደግሞ ቢበዛ ሦስት ነው። የኔ ስሌት ግምታዊ ነው፤ የገጸ ባሕርያቱም መጠን ይለያያል። ግን ቁጥሩ ከየት አካባቢ እንደመጣ ያሳያል። ሁለተኛ ተጫዋች ሲጨመር አምስተኛ አካል መጣ ማለት ነው፤ ጠረጴዛዋ ደግሞ ሞልታለች።

ጋይና የጠፋው ሰፈርስ? እዚያ ጋ ጉዳዩ የካርትሪጅ ዋጋ ነው። ካርትሪጅ ውስጥ ያለው ሮም ቺፕ ያኔ ውድ ነበር። ፋይናል ፋይት የወጣው በ8 ሜጋቢት፣ ማለትም በ1 ሜጋባይት ካርትሪጅ ነው። ትንሽ አይደለም፤ ከማሽኑ ጋር አብሮ የወጣው ሱፐር ማሪዮ ወርልድ የዚያ ግማሽ ነው። ግን የሳንቲም ማሽኑ ሥዕል ብቻ 2 ሜጋባይት ነው ብለናል። ሙዚቃውና ፕሮግራሙ ገና አልተቆጠሩም። አንድ ተጫዋች ማለት በደርዘን የሚቆጠሩ ሥዕሎች ናቸው። አንድ ሰፈር ማለት መሬቱ፣ ግድግዳው፣ አለቃው ነው። የሆነ ነገር መቅረት ነበረበት። ጋይ ቀረ። ከወለሉ እሳት የሚተፋው የኢንዱስትሪ ሰፈርም ከነአለቃው ከሮሌንቶ ቀረ።

ሌላም ነገር አለ፤ ጊዜ። ሱፐር ፋሚኮም ለገበያ የቀረበው ኖቬምበር 21 ቀን 1990 ነው። ፋይናል ፋይት የወጣው ልክ ከአንድ ወር በኋላ። ማሽኑን ማንም በደንብ ሳያውቀው የተሠራ ጌም ነው ማለት ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው። በ1993 ፋይናል ፋይት 2 ለዚያው ማሽን ሲወጣ ሁለት ሰው አብሮ መጫወት ይችል ነበር፤ መምረጫው ላይም ሦስት ሰው ነበር። ማሽኑ አልተለወጠም። ጠረጴዛዋ ያችው 16 ኪሎባይት ናት። የተለወጠው ሰዎቹ ጠረጴዛዋን መጠቀም መልመዳቸው ነው። ስለዚህ ማሽኑ አይችልም ነበር የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ያኔ ገና አላወቁበትም የሚለው ነው።

እኔ ከጠፉት ነገሮች ሁሉ የሚቆጨኝ ሁለተኛው ተጫዋች ነው። ጋይ ባይኖር ኮዲ አለ። አንድ ሰፈር ቢቀር አምስት ይቀራል። ግን ጌሙ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ቆሞ አንተ ግራውን ያዝ፣ እኔ ቀኙን እየተባባለ እንዲጫወተው ነው የተሠራው። ጌም ቤት ገብቶ ከጓደኛው ጋር ተሟሙቆ የተጫወተ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ብቻህን ስትሆን ያው ቡጢ ያው መንገድ ነው፤ ጩኸቱ ግን የለም። በሦስት ጠላት ደግሞ ያ የመወርወር ጥበብ ዋጋው ይወርዳል። ወርውረህ የምትጥለው ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ካርትሪጁ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ሌላ መቀስም ገባበት። ይህኛው ከሜሞሪ ጋር ግንኙነት የለውም። ሴት መምታት አይታይም ተብሎ ፖይዝንና ሮክሲ የተባሉት ሴት ተደባዳቢዎች በወንዶች ተተኩ። የሁለት አለቆች ስምም ተቀየረ፤ ዳምንድ ትራሸር ሆነ፣ ሶዶም ደግሞ ካታና። መኪና በሚሰበርበት ክፍል ባለመኪናው አምላኬን ጠርቶ ያለቅስ የነበረው በአሜሪካው ቅጂ መኪናዬን ሆነ።

ጋይ የጠፋበት ሕዝብ ዝም አላለም መሰለኝ፣ ካፕኮም በ1992 ጃፓን ውስጥ ፋይናል ፋይት ጋይ የሚባል ሌላ ካርትሪጅ አወጣ። ጋይ ተመለሰ። ግን በቦታው ኮዲ ወጣ! አብሮ መጫወትም፣ የኢንዱስትሪ ሰፈሩም አሁንም የለም። አሜሪካ ውስጥ ይህ ቅጂ የታወቀው ብሎክበስተር በተባለው የቪዲዮ ኪራይ ሱቅ በኩል ነው፤ በ1994። ሦስቱንም ሰዎች ቤቱ ማየት የፈለገ ሰው ሁለት ካርትሪጅ ያስፈልገው ነበር፤ ያኔም በአንድ ጊዜ አይገናኙም።

የኒንቴንዶ ተፎካካሪ ሴጋ ይህን ክፍተት አልሳተውም። በ1991 ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ የሚል የራሱን የመንገድ ድብድብ አወጣ። ለመምረጥ ሦስት ገጸ ባሕርይ፣ ሁለት ሰው አብሮ። ከፋይናል ፋይት ያነሱ ገጸ ባሕርያት ናቸው፤ በቁመትም በዝርዝርም። ማሽኑ የሚሸከመውን አይቶ ነው የተሠራው። ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ትልቅ ሰው ስለህ ሦስት ከማሳየት፣ ትንሽ ሰው ስለህ ብዙ ማሳየት።

ከዚያ በ1993 ሴጋ ራሱ ከካፕኮም ፈቃድ ወስዶ ፋይናል ፋይትን ለሴጋ ሲዲ፣ ማለትም በሴጋ ኮንሶል ላይ ለሚጨመረው የሲዲ ማጫወቻ ሠራው። በቤት ኮንሶል ሦስቱም ሰዎች፣ ሁለት ተጫዋችና ስድስቱም ሰፈሮች አንድ ላይ የተገኙት እዚህ ነው። ሲዲ ርካሽ ነው፤ የሚይዘውም ከካርትሪጅ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ሙዚቃው እንደ አዲስ ተቀርጾ እንደ ዘፈን ሲዲ ይጫወታል። የሴጋ ማሽን ፕሮሰሰርም ያው 68000 ነው፤ ሴጋ ሲዲው በ12.5 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሁለተኛ 68000 ይጨምርበታል። ለጌሙ የዘመድ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ግን ሁሉም ነገር ዋጋ አለው። ሲዲ ቀርፋፋ ስለሆነ በየመሃሉ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለ። ሴጋ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ቀለም 64 ብቻ ስለሆነ ከተማው ጠቆርና ሻካራ ብሎ ይታያል። ሱፐር ኒንቴንዶ 256 ቀለም ስለሚያሳይ በፎቶ ብታነጻጽሯቸው የሱፐር ኒንቴንዶው ያምራል። እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ስትጫወቱት ግን ሴጋ ሲዲው ይበልጣል። ለእኔ ጥያቄ የለውም።

ጃፓን ውስጥ ከዚህም የቀረበ ቅጂ ነበር። ሻርፕ የተባለው ኩባንያ ኤክስ68000 የሚባል ኮምፒውተር ነበረው። ስሙ እንደሚናገረው ልቡ ያው ሞቶሮላ 68000 ነው፤ በ10 ሜጋኸርዝ። ካፕኮም የሳንቲም ማሽን ጌሞቹን ሲሠራ የሚጠቀመው ይህንኑ ኮምፒውተር ስለነበር በ1992 የወጣው ቅጂ ዋናውን ቢመስል አይገርምም። ችግሩ ኮምፒውተሩ በ1987 ሲወጣ ዋጋው 369,000 የን ነበር። ለሀብታም ሳሎን ነው።

በአውሮፓ ያለው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ዩኤስ ጎልድ የተባለ አሳታሚ ጌሙን በ1991 ለአሚጋ፣ ለአታሪ ኤስቲ፣ ለኮሞዶር 64፣ ለዜድኤክስ ስፔክትረምና ለአምስትራድ አወጣው። ኮሞዶር 64 ስሙ እንደሚለው ሜሞሪው 64 ኪሎባይት ነው። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ፖርት ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ የዋናውን ፕሮግራም ጽሑፍ አያገኙም ነበር። ማሽኑ ፊት ቆመው ይጫወታሉ፣ በቪዲዮ ይቀርጻሉ፣ ያዩትን ይሥላሉ። ጽሑፉን ሳይሰጡህ አይተህ ብቻ ሥራ እንደማለት ነው።

ከሜሞሪውም በላይ የሚያስቸግር አንድ ነገር ነበር፤ ጆይስቲኩ። ፋይናል ፋይት ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል። አንዱ ለመምታት፣ አንዱ ለመዝለል። ሁለቱን አንድ ላይ መጫን ከጤናችሁ ትንሽ ቀንሶ ዙሪያውን የከበቧችሁን ሁሉ የሚጥል ምት ያወጣል። የነዚያ ኮምፒውተሮች የተለመደ ጆይስቲክ ግን አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። በሌሎች ጌሞች መዝለል ወደ ላይ መግፋት ነበር። እዚህ ደግሞ ወደ ላይ መግፋት ወደ መንገዱ ውስጥ መራመድ ነው። ታዲያ መዝለልን የት ያስቀምጠው? ፕሮግራመሩ ምንም ቢመርጥ ጣታችሁ ያውቀዋል፤ ጌሙ ያ ጌም እንዳልሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ያልፋል። በ1993 ለድሮው ኒንቴንዶ ማይቲ ፋይናል ፋይት ወጣ። ይህ ፖርት አይደለም፤ ገጸ ባሕርያቱን ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ አካላቸው አጭር የሕፃን ሥዕል አድርጎ እንደ አዲስ የሠራ ጌም ነው። ማሽኑ የማይችለውን ከመለመን የሚችለውን መሥራት ነው፤ በጣም ደስ የሚል ጌምም ወጣው። በ2001 ደግሞ ፋይናል ፋይት ዋን በኪስ ለሚያዘው ጌም ቦይ አድቫንስ መጣ። ስክሪኑ 240 በ160 ፒክስል ብቻ ነው። ግን ለስፕራይት ያለው ጠረጴዛ 32 ኪሎባይት ነው፤ የሱፐር ኒንቴንዶ ሁለት እጥፍ። ጋይ አለ፣ የኢንዱስትሪ ሰፈር አለ፣ ሁለት መሣሪያ በኬብል ሲገናኝ ሁለት ሰው ይጫወታል። ሳሎን ውስጥ ያልገባው ኪስ ውስጥ ገባ።

ዛሬ ፖርት ማድረግ አያስፈልግም ማለት ይቻላል። ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ። የሳንቲም ማሽኑን ፕሮሰሰር፣ የሥዕል ቺፕና የድምፅ ቺፕ ያስመስላል። ከዚያ ዋናው ፕሮግራም ሳይነካ ይሄዳል፤ ጌሙ አሁንም በ1989 ሰሌዳ ላይ ያለ ይመስለዋል። በ2010 የወጣው ደብል ኢምፓክትና በ2018 ካፕኮም ሰባት የድብድብ ጌሞችን አንድ ላይ ያሰረበት ስብስብ ዋናውን የሳንቲም ማሽን ጌም ይዘዋል። ሁለቱም በኢንተርኔት ከሩቅ ጓደኛ ጋር ያጫውታሉ።

የትኛው ቅጂ እጃችሁ እንደገባ ለማወቅ ቀላል ነው። መምረጫው ላይ ፊት ቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ የምዕራቡን ሰፈር እለፉና ቀጥሉ። ወለሉ እሳት መትፋት ከጀመረና በአሳንሰሩ ላይ ሮሌንቶ ቦምቡን ይዞ ከወረደ ሙሉውን ጌም ይዛችኋል። ያኔ ሁለተኛ መቆጣጠሪያ ሰክታችሁ ሰው ጥሩ።